ጋሼ ተሰማ ዝም ያሉ ጊዜ

በእኛ አገር ዝም ያለ ሰው ሰላም የለውም። እንዳትሳሳቱ፤ እሱ ሰላም ሊኖረው ይችላል፤ እኛ ግን አንሰጠውም። እስቲ አንድ ቀን ሞክሩት። ጠዋት ተነሱና ለማንም ክፉ ሳታስቡ እንዲሁ አፋችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ምሳ ሳይደርስ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ይባላል፤ ቀጥሎ "የሞተ ሰው አለ?" ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ማን አስቀየመህ?" ለዚህኛው መልስ ካጣችሁ ጉዳችሁ ፈላ። ጎረቤቱ ሁሉ ያለፈው ሳምንት የተናገረውን እያስታወሰ ራሱን ይመረምራል። አስቀይሜያለሁ ብሎ የጠረጠረ ይሸማቀቃል፤ ያልጠረጠረው ደግሞ "እኔ ምን አድርጌው ነው የሚዘጋኝ?" ብሎ በተራው ይዘጋችኋል።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለዝምታ ያማረ ስም አላቸው፤ አርምሞ ይሉታል። ሰው አፉን ዘግቶ፣ ሐሳቡን ሰብስቦ፣ ልቡን ወደ ፈጣሪው አቅንቶ ሲቀመጥ ማለት ነው። በሰፈር አማርኛ ግን ዝምታ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው፤ ኩርፊያ። ክፋቱ፣ ሁለቱን ከውጭ ሆናችሁ ብታዩአቸው መልካቸው አንድ ነው። አርምሞ የያዘ መሬት መሬት ያያል፤ ያኮረፈም መሬት መሬት ያያል። ያኛው ይጾማል፤ ይኼኛው "ራት አልበላም" ይላል። ያኛው ከሰው ይሸሻል፤ ይኼኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ታዲያ በምን ይለዩ? እኔ እዚህ ዕድሜ ደርሼም መለያውን አላገኘሁትም። መለያ እንደሚያስፈልጋቸው እንኳ ያወቅሁት መካኒሳ፣ ጋሼ ተሰማ ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።

አዲስ ሙሽራ ሆኜ ነው የገባሁት። ባለቤቴ መንገድ ሥራ ተቀጥሮ ስለነበር ለሥራው እንዲቀርበው ብለን ከጋሼ ተሰማ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየን። መካኒሳ ያኔ ከተማም አይደለች፣ ገጠርም አይደለች። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወዲህ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ ከወንዙ ወዲያ የጤፍ ማሳ። የለቡ ገበሬዎች እህላቸውን በአህያ ጭነው ወደ እኛ ግቢ ይመጣሉ፤ ጋሼ ተሰማ ባለ ወፍጮ ነበሩና።

የናፍጣ ሞተሩ ሲነሳ የአካባቢው ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው በዚያ መሐል ቆመው "ይሄ ስልቻ የማን ነው?" "ጤፍ ነው ስንዴ?" እያሉ ሲጮኹ ስለሚውሉ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ድምፃቸው አይጠፋም። ማታ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር ገበታ ቀርበው "ጨው አቀብዪኝ" ሲሉ፣ እኛ ክፍላችን ውስጥ ብድግ ብለን ጨው እንፈልግ ነበር። ምስጢር የሚባል ነገር በዚያ ቤት አያድርም። ለእትዬ ዘነበች በሹክሹክታ የነገሯቸውን፣ ወንዝ ማዶ ያሉት ኦቦ ጉደታ በማግሥቱ "እንዴት ሆነ?" ብለው ይጠይቁን ነበር። ስማቸው ተሰማ መሆኑ ደግሞ! ይህን ስም ያወጣላቸው ሰው ነቢይ መሆን አለበት እያልን እንስቅ ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ዓለምፀሐይ። ምሳ ሲርባቸው ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው "ዓለሜ!" ይላሉ። እሷ ብቻ ሳትሆን በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ዞር ይላል። እሷ ግን አትፈራቸውም። "ሰማሁ፣ ሰማሁ! አገሩም ሰምቷል!" እያለች፣ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና እየሳቀች ትመጣለች። እሳቸውም ዱቄት የለበሰ ፊታቸው ይፈታል። እንደዚያ የሚዋደዱ አባትና ልጅ አይቼ አላውቅም።

ይቺ ዓለሜ የጅማ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ወደደች። ልጁ በደንቡ ሽማግሌ ላከ። ጋሼ ተሰማ "ዛሬ ጅማ፣ ነገ ጎሬ ለሚያድር ሰው ልጅ አልሰጥም" ብለው መለሱ። እሷ ምሳ ማመላለሷን ቀጠለች። አንድ ቀን ምሳቸውን አድርሳ፣ ባዶውን ሳህን ሳትጠብቅ፣ በዚያው ከሾፌሩ ጋር ሄደች።

በማግሥቱ ጋሼ ተሰማ ወፍጮውን አጠፉት። ወረፋ የያዘው ሰው ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ነበር። ለካ ሁላችንም እንድንሰማ ነው። "ዓለም የምትባል ልጅ አልወለድኩም!" አሉ። "እሷም እንደኔ ባዶዋን ትቅር! ወልዳ አትሳም!" አሉና ሞተሩን መልሰው አስነሱት። እትዬ ዘነበች ደጃፉ ላይ ቁጭ እንዳሉ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ሰዉም ዓይኑን ስልቻ ስልቻው ላይ ተከለ። የአባት ርግማን እንደሚይዝ በሰፈራችን የማያምን ሰው አልነበረም፤ ከሁሉ አብልጠው የሚያምኑት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

ይህ በሆነ በዓመቱ ዓለሜ ነፍሰ ጡር መሆኗ ተሰማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሼ ተሰማ እህል አልረጋላቸው አለ። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ይባስ ብሎ ዝም አሉ። በቃ፣ ዝም። ወፍጮውን ለሠራተኛ ሰጡ፤ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው ወደ አቦ ይሄዳሉ፤ ማታ ይመለሳሉ፤ "እንዴት ዋሉ?" ሲባሉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ነገሩ ምን እንደነበር አሁኑኑ ልንገራችሁ። እኛ ያኔ አላወቅንም፤ እናንተን ግን ከእኛ ጋር አብሬ ላሳስታችሁ አልፈልግም። ጋሼ ተሰማ ለነፍስ አባታቸው ሄደው ተናዝዘው ነበር። እኚያ ደግ ሽማግሌ ቄስ ሰምተው ሰምተው "በአፍህ ነው የበደልከው፤ አፍህ ይካስ" አሏቸው። "ፍልሰታ እስኪፈታ ከጸሎት በቀር ከአፍህ ቃል አይውጣ። ያን ጊዜ እኔው ራሴ ከልጅህ አስታርቅሃለሁ። ቀኖናህን ለማንም አትንገር።" ቀኖና በነፍስ አባትና በንስሐ ልጅ መሐል የሚቀር ነገር ስለሆነ፣ ለእትዬ ዘነበችም እንኳ አልነገሯቸውም።

ቀኑን ሙሉ በአቦ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ ጥግ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ይቀመጣሉ። ምን እንደሚያደርጉ ኋላ ነግረውኛል። "ወርቄ፣ መጀመሪያ እኮ ዝም ያልኩ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። "አፌን ስዘጋ ለካ ወፍጮው ራሴ ውስጥ ገብቶ እየዞረ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ስል እሱ ነው፣ እመቤቴ ስል እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ቀጥ አለ። ጸጥ ሲል መጀመሪያ የሰማሁትን ታውቂያለሽ? ያን የረገምኳትን። በገዛ ድምፄ። እንዲህ አድርጌ እንደምጮህ ያን ቀን ነው የሰማሁት። አለቀስኩ፣ አለቀስኩና፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ሰማሁ፣ ሰማሁ የምትለው የሷ። እዚያ ላይ ልቤ እንዴት እንዳረፈ ልነግርሽ አልችልም።"

እሳቸው እዚያ ማዕረግ ላይ ሲደርሱ እኛ ሰፈር ምን እያልን ነበር? "ተሰማ አኮረፈ።" በማን? አንዱ በሠራተኛው ነው ይላል፤ ሌላው በእድሩ ዳኛ ነው ይላል። እትዬ ዘነበች ግን በራሳቸው ፈረዱ። ለአራስ ቤቷ ብለው ለዓለሜ በድብቅ ቅቤና የሕፃን ልብስ ልከው ስለነበር፣ ያንን የሰሙባቸው መሰላቸው። "ወርቅነሽ፣ ይሄ ሌላ ነው" አሉኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። "ሰውዬው ድሮ እየጮኸ ነበር የሚያኮርፈው።"

ኩርፊያ ደግሞ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ። እትዬ ዘነበች ኦቦ ጉደታንና ባሻ ቸርነትን፣ ሌላም አንድ ሽማግሌ ጨምረው ለመኑ። እግረ መንገዱንም ዋናው ቁስል ይዳን ብለው ለዓለሜ መልእክት ሰደዱ። ባሏ ዕቃ ጭኖ ለቡሄ አዲስ አበባ ይገባ ስለነበር ይዟት መጣ። ያንኑ ቀን ግን ወደ ጅማ መመለስ ነበረበት፤ ክረምቱ መንገዱን ሳይቆርጠው።

የቡሄ ለት ካፊያ ነበር። ልጆቹ ሜዳው ላይ ጅራፍ ያጮኻሉ። ሽማግሌዎቹ ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ዓለሜ በደንቡ መሠረት ከግቢው በር ውጭ ድንጋይ ተሸክማ ቆመች። ጥላ ይዤላት አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሆዷ ገፍቷል። "ኧረ በማርያም፣ ትንሹን ያዢ" ብላት፣ "ትንሽ ድንጋይ ይዤማ አባዬ የቀለድኩበት ይመስለዋል" ብላ ትልቁን አነሳች። አንጀቴን በላችው። የጭነት መኪናው ከታች መንገዱ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃታል።

"ምን ልሰማ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። "ድምፁን ነው። ቢሰድበኝም ግዴለም። እየሰደበኝ ዓለሜ ካለ ይበቃኛል። ልወልድ ነው ወርቄ፤ ያን ቃል ተሸክሜ መውለድ ፈራሁ።"

ከውስጥ የባሻ ቸርነት ድምፅ ይሰማል። "ተሰማ፣ ልጅ ናት። ጥፋቷን አምና ድንጋይ ተሸክማ ደጅህ ቆማለች። ይቅር ለእግዚአብሔር በላት።" ዝም። ኦቦ ጉደታ በኦሮምኛ አጠራር ጀምረው ተቀበሏቸው። "ያ ተሰማ! ልጅ በሆዷ የያዘች ልጅ እኮ ናት ደጅ የቆመችው። አንዲት ቃል ነው። በል እንጂ!" ዝም። በእኛ ደንብ ራስ መነቅነቅ ዕርቅ አይባልም፤ እንባም አይቆጠርም። ይቅር ለእግዚአብሔር የሚለው ቃል ከተበደለው ሰው አፍ ካልወጣ በዳይዋ በሩን አትረግጥም። ሽማግሌዎቹ እንደገና ለመኑ። እንደገና ዝም። ያ ቢያንሾካሹክ ወንዝ የሚሻገር ድምፅ ጠፋ። ዓለሜ አንገቷን ከድንጋዩ ሥር ቀና አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ታዳምጣለች።

ድንገት በርጩማ ሲወድቅ ተሰማ። "ያዙት! ኧረ ያዙት!" አሉ ባሻ ቸርነት። "ተው ተሰማ! በሽማግሌ ፊት! ምን ልታደርጋት ነው?" ግርግር ሆነ።

ጋሼ ተሰማ የተነሱት ሊያቅፏት ነበር። ቃል ባይፈቀድላቸው እጅ አላቸውና፣ ወጥተው ያን ድንጋይ ከትከሻዋ ሊያወርዱላት ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ረግጠው ሊወጡባቸው፣ አልፎም ልጅቷን ሊመቱ የተነሱ መሰላቸው። ሦስት ሽማግሌ ለቅን ነገር ሲነሳ ደግሞ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።

"ሰማሁ" አለች ዓለሜ። በፊት እንደምትለው አይደለም። ድንጋዩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠችው፤ እጄን ሳመችና በጭቃው ላይ ሆዷን ደግፋ ወረደች። ልይዛት ብል አልቆመችልኝም።

ጋሼ ተሰማ ጋቢያቸውን ሽማግሌዎቹ እጅ ትተው ሲወጡ እሷ መኪናው ላይ እየተሳፈረች ነበር። ድንጋዩን አዩ። ቀና ብለው መኪናውን አዩ። አንድ ጊዜ "ዓለሜ!" ቢሉ እንኳን መኪናው፣ የለቡ አህያ ሁሉ ይቆማል። አፋቸውን ከፈቱ። እዚያው አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ ጉሮሯቸው ሲነሳ አይቻለሁ። ከዚያ አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑት። ቀኖናዬን ካፈረስኩ ርግማኑ አይነሳላትም፣ እላይዋ ላይ እንዳለ ይቀራል ብለው ነው። ስለ እሷ ብለው ነው! መኪናው ጥምዝዙን ዞሮ ጠፋ። እሳቸው ድንጋዩን አንስተው የገዛ ማጅራታቸው ላይ አድርገው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

ፍልሰታ ሲፈታ ጋሼ ተሰማ ሁሉን ነገሩን። እትዬ ዘነበች ደረታቸውን መቱ፤ ኦቦ ጉደታ በትራቸውን ወርውረው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ጋሼ ተሰማ ይህንኑ ለነፍስ አባታቸው ሄደው ሲናገሩ እኚያ ሽማግሌ ቄስ እያዳመጡ ፊታቸው ተለወጠ አሉ። "ተሰማ፣ ከጸሎት በቀር ነው እኮ ያልኩህ" አሏቸው። "ይቅር ለእግዚአብሔር ጸሎት አይደለም? ከዚህ የበለጠ ምን ጸሎት ታውቃለህ?" ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ ይባላል።

ጋሼ ተሰማ በዚያው ሳምንት ጅማ ወረዱ። ባልና ሚስቱ ወደ ጎሬ አልፈዋል። ከጅማ ወዲያ ያለውን መንገድ ክረምቱ ቆርጦታል። ወደዚያ ሊሄድ የሚችል የመሰላቸውን ሾፌር ሁሉ እየያዙ "ተሰማ ይቅር ብሏል በሏት፤ ከልቡ፣ ከማርያም ፊት ብሏል በሏት" እያሉ አሳስበው ተመለሱ። መንገዱ ሲከፈት ሊሄዱ ስንቅ ተሰናዳ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች መጡ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገር። ጋሼ ተሰማ በሩን ከፈቱላቸው። ሦስቱም መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። "ተናገሩ እንጂ" አሉ ጋሼ ተሰማ በቀስታ። ኦቦ ጉደታ ራሳቸውን ያዙ። ምጥ ላይ ነው፤ እሷም ልጁም አልተረፉም። የግቢው ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ፈርቶ ጆሮውን ሊይዝ ተዘጋጅቶ ነበር። አልመጣም። ያለቀሱት እትዬ ዘነበች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ተሰማ ወፍጮውን ሸጡ። ያን ዓለሜ የተሸከመችውን ድንጋይ ወስደው ከአቦው ጽድ ሥር አስቀመጡት፤ እላዩ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ፍልሰታ ቢሆን፣ የበጋ ወር ቢሆን፣ ዝም ብለው። ሰፈራችን ደግሞ እንደምታውቁት ከስሕተቱ ይማራል። አሁን ማንም አኮረፉ አይልም። "አርምሞ ላይ ናቸው" ይባላል። እናቶች ልጆቻቸውን "ቀስ በሉ፣ አባ ተመስጦ ውስጥ ናቸው" ይላሉ። ከሀና ማርያም ድረስ መጥታ እጃቸውን ስማ የሄደች ሴት አለች።

አንድ ቀን የሱፍ ቆሎ ይዤላቸው ሄድኩ። ሳቅ የመሰለ ነገር አሉ። "ወርቄ፣ የሰፈርሽ ሰው ይገርማል" አሉኝ፤ ድምፃቸው ለእኔም በጭንቅ ነው የሚሰማ። "ያኔ አርምሞ ይዤ ኩርፊያ ነው አላችሁ። አሁን አኩርፌ ተቀምጬ አርምሞ ነው ትላላችሁ።"

"ማንን ነው ያኮረፉት ጋሼ?" አልኩ፤ እትዬ ዘነበችን እንዳይሉኝ ፈርቼ።

በዓይናቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። "አንዲት ነገር ብቻ ነው የጠየቅሁት። ይቅር ማለቴን ከመሞቷ በፊት ሰምታለች ወይ? አዎ ይበለኝ፣ አይ ይበለኝ፣ እኔ እችለዋለሁ። እሱ ግን ዝም ብሎኛል። እንግዲህ እኔም ዝም ብዬዋለሁ።" ቀጥለውም "ስሜ እኮ ተሰማ ነው" አሉ። "መሰማት አለመሰማቴን ሳላውቅ ልሞት ነው።"

ምን ይባላል? እነዚያ ሾፌሮች ሳይደርሱ አይቀሩም ልበል? አላውቅም። የላይኛውስ ቢሆን፣ አኩርፎ ነው ዝም ያለው ወይስ እሱም እንደ ጋሼ ተሰማ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ነው? ከውጭ ሆኜ ሳየው መልኩ አንድ ነው የሆነብኝ። በዚህ ጠብ መሐል ደግሞ የሚላክ ሽማግሌ የለም።

ቆሎውን በመሐላችን አስቀምጬ ሥሩ ላይ ቁጭ አልኩና ዝም አልኩ። ከቅጥሩ ውጭ የሰው ወፍጮ ሲፈጭ ይሰማል። ብዙ ተቀመጥን። ልትሳለም የገባች አንዲት የሰፈራችን ሴት በአጠገባችን ስታልፍ ለእሳቸው ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ግን ቆም ብላ ፊቴን አየችውና፣ "ምነው ወርቅነሽ፣" አለችኝ፣ "ማን አስቀየመሽ?"